የሐረር ብርድ፣ የፖሊስተር ጃኬትና የሚነዝረው በር

ጥያቄ፦ «ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከነቤተሰባችን ሐረር ገብተን ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቻለሁ። ድሬ ሳለሁ አንድም ቀን ያላየሁት ነገር እዚህ ገጠመኝ። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ጃኬቴን ሳወልቅ ይንጣጣል፤ መብራት ከሌለማ ብልጭ ብልጭ ሲል በዓይኔ አየዋለሁ። ቀን ደግሞ ከወንበሬ ተነስቼ የሱቁን የብረት በር ስነካ ጣቴን ይነዝረኛል። ጎረቤቴ ‹ሰውነትሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ በዝቷል፣ እጅሽን ቶሎ ቶሎ ታጠቢ› ትለኛለች። 8ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ‹ልብስ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል› ይላል። የቱን ልመን? ባለቤቴ ባጃጅ ስላለው ቤንዚን በጀሪካን ይዞ ይመጣል። ያ ብልጭታ አንድ ቀን እሳት ቢያስነሳስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የድሬን ልጅ «አንቱ» ማለት ስድብ ይመስላልና በ«አንቺ» ልቀጥል።

ጎረቤትሽ ሰውነትሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ማለቷ ልክ ነው። በዝቷል ማለቷ ነው ያልተስማማኝ። በእሷም፣ በእኔም፣ በበሩም፣ በጃኬቱም ውስጥ የትየለሌ አለ። ልጅሽም መፋተጉን ማንሳቱ ጎበዝ ያሰኘዋል፤ «ይፈጠራል» የምትለዋን ቃል ግን ከአሁኑ ቢተዋት ደስ ይለኛል። መፋተግ ምንም አይፈጥርም። የነበረውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፣ በቃ። ብልጭታውም፣ መንዘሩም፣ የቤንዚኑም ነገር ከዚህች አንድ ነጥብ ይመዘዛል።

የሚሻገረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ አቶም ውስጥ መግባት ግድ ነው። የአቶም እምብርት ኒውክለስ ይባላል፤ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች እዚያ ታጭቀው ይኖራሉ። ኤሌክትሮኖች ዙሪያውን ናቸው። መጠኑን ለመገመት ጀጎልን አስቢ። ግንቡ ያቀፈው ከተማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ አቶም የጀጎልን ያህል ቢሰፋ፣ ኒውክለሱ ፈረስ መጋላ መሀል የወደቀ የሽምብራ ፍሬ፣ ከበዛ አንድ ሎሚ ቢያክል ነው። የቀረው ከግንብ እስከ ግንብ የኤሌክትሮኖቹ ሰፈር ነው።

ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ። (የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ «ሙል» የሚለውን ነው ቻርጅ የምለው። ስልኩን «ሙል ላድርግ» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።) የሁለቱ የቻርጅ መጠን ቁርጥ እኩል ነው፤ በክብደት ፕሮቶኑ ኤሌክትሮኑን 1,836 ጊዜ ይበልጠዋል። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ። በአንድ አቶም ውስጥ የሁለቱ ቁጥር እኩል ስለሆነ ሒሳቡ ተጣፍቶ ዜሮ ይመጣል። ጃኬትሽ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሲያድር ማንንም የማይነዝረው ባዶ ሆኖ አይደለም፤ ያለው ሁሉ ተካክሶ ነው።

ፕሮቶኑ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በልብስ ማውለቅ ቀርቶ በእሳትም ከኒውክለስ አይወጣም። ዳር ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ከእምብርቱ ስለራቁ አያያዛቸው ላላ ያለ ነው፤ የላላበት መጠን ደግሞ ከቁስ ቁስ ይለያያል። ፀጉር፣ ናይለንና ሱፍ ኤሌክትሮን ለመስጠት ቸር ናቸው። ፖሊስተር፣ ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክና ፒቪሲ መቀበል ይወዳሉ። ጥጥ መሀል ቤት ነው፣ ከማንም ጋር ብዙ አይጣላም። የትኛው ቁስ ለምን ቸር፣ የትኛው ለምን ስስታም እንደሚሆን፣ በተለይ ፕላስቲክ ላይ ሲደርሱ፣ የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

ሁለት የተለያዩ ቁሶች ገጽ ለገጽ ሲገናኙ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከሰጪው ወደ ተቀባዩ ያልፋሉ። ለዚህ መነካካቱ ብቻ ይበቃል። ጨርቅ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ቢሆንም ቀርቦ ላየው ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ ዝም ብሎ ሲነካካ የሚገናኙት የኮረብታው ጫፎች ብቻ ናቸው። መፋተግ የሚጠቅመው የሚገናኘውን ቦታ ለማብዛት ነው። ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ የፖሊስተር ጃኬት ለብሰሽ ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀሺ ውለሽ ማታ ሲደርስ ሹራቡ ኤሌክትሮን ጎድሎታል፣ ጃኬቱ ተርፎታል። ተጣብቀው ስለሚውሉ ግን ጉድለቱና ትርፉ ፊት ለፊት ተያይዘው ስለሚቆዩ ምንም አይታወቅሽም።

ጨዋታው የሚጀምረው ጃኬቱን ስታወልቂ ነው። ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ ብያለሁ፤ ስለዚህ እነሱን ለማለያየት ክንድሽ ከጃኬቱ ክብደት ትንሽ ያለፈ ጉልበት ያወጣል። ሳታስተውዪው ያወጣሽው ያ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ልብሶቹ በተራራቁ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ቮልት እየናረ ይሄዳል። አየር በደህና ጊዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ግን ይሸነፋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ክፍተቱን ዘለው ይሻገራሉ፣ መንገዳቸው ላይ ያለው አየር በቅጽበት ግሎ ያበራል፣ ተለጥጦም ጠሽ ይላል። ብልጭታውም መንጣጣቱም ያው አንድ ነገር ነው። መብራት ኃይል ያልቆጠረው፣ ሒሳቡ ከክንድሽ የተከፈለ መብራት በይው።

ለልጅሽ አንድ ነገር ልስጠው። ቀጭኑን ፌስታል በመቀስ በጣት ስፋት፣ በክንድ ርዝመት ሁለት ዘለላ አድርጎ ይቁረጥ። ጫፋቸውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ደረቅ ጣቶች መሀል ከላይ ወደ ታች ሦስት አራት ጊዜ ፈጠን አድርጎ ያሳልፋቸው። ሲለቃቸው ሁለቱ ዘለላዎች እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ከጣቱ ኤሌክትሮን ስለወሰዱ ነው። አሁን መዳፉን መሀላቸው ያስገባ። ሁለቱም መጥተው ይለጠፉበታል። ኤሌክትሮን የጎደለው እጁ ኔጋቲቩን ፌስታል መሳቡ አይደንቅም። የሚደንቀው ምንም ያልተፋተገውን ግድግዳ ሲያስጠጉትም መለጠፉ ነው። ግድግዳው ሒሳቡ ዜሮ ነው፤ ታዲያ ምን ሳበው? ኔጋቲቩ ፌስታል ሲቀርብ የግድግዳው ኤሌክትሮኖች እየተገፉ ጥቂት ወደ ውስጥ ሸሸት ይላሉ፤ ፖዘቲቩ ፊት ለፊት ይቀራል። ቅርብ ያለው መሳሳብ ራቅ ካለው መገፋፋት ስለሚበረታ ፌስታሉ ይለጠፋል። ቴሌቪዥን ላይ አቧራ የሚሰበሰበው፣ ሱቅሽ ውስጥ ቀሚስ ከላስቲኩ ስታወጪ ላስቲኩ እጅሽን አልለቅ የሚለው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐረር ስለሆንሽ አንድ ጨዋታ ሳልጨምር ማለፍ አልቻልኩም። ጀጎል ውስጥ የብር ጌጥ ከሚሸጡት ሱቆች ገብተሽ ከሆነ ያንን ትልልቅ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ጨሌ አይተሻል። አምበር ይሉታል፤ የጥንት ዛፍ ሙጫ በሚሊዮን ዓመታት ጠንክሮ የሆነው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ የኖረው ግሪካዊው ታሌስ፣ አምበር በጨርቅ ሲታሽ ገለባ እንደሚስብ ያውቅ ነበር ይባላል። የጥንት ግሪኮች አምበርን የሚጠሩት «ኤሌክትሮን» ብለው ነበር። በ1600 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ይህን የመሳብ ጠባይ በአምበር ስም ጠራው፤ ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ በየወሩ የምንከፍልበት ነገር የስሙ አያት የሐረር ሴቶች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል ማለት ነው። ሻጩ ጨሌውን አሽቶ «እውነተኛ ነው፣ ይኸው ወረቀት ይስባል» ቢልሽ ግን እንዳትሸወጂ። ፕላስቲኩም ይስባል።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚሉትን ስሞች ያወጣው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በ1747 እ.ኤ.አ.። ኤሌክትሪክ አንድ ፈሳሽ ነገር መስሎት፣ የተረፈው ፖዘቲቭ፣ የጎደለው ኔጋቲቭ ብሎ ከፈለው። የቱ እንደተረፈው፣ የቱ እንደጎደለው ማየት ስለማይቻል መገመት ነበረበት፤ ግምቱም በተቃራኒው ሆነ። ከ150 ዓመት በኋላ በ1897 የእንግሊዙ የፊዚክስ ሰው ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ሲያገኘው ተንቀሳቃሹ ኔጋቲቩ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አንዴ ሥር ሰዷል። ዛሬ ኤሌክትሮን የተጨመረለትን ነገር «ኔጋቲቭ ሆነ» እያልን የምንኖረው ለዚህ ነው፤ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ግራ ቢገባው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ወደ በሩ እንምጣ። የምትቀመጪበት ወንበር የፕላስቲክ ነው ብዬ ልገምት። ቀሚስሽና ወንበሩ ተጣብቀው ሲውሉ ኤሌክትሮን ይለዋወጣሉ፤ ብድግ ስትዪ አንዱን ትርፍ ወይም አንዱን ጉድለት ይዘሽ ትነሻለሽ። ጫማሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሶል ካለው ወደ መሬት መውረጃ የለውም። ብረት ስትነኪ ግን መንገድ ያገኛል፤ ጣትሽ በሩን ሳይነካ ሚሊ ሜትሮች ሲቀሩት ይዘላል። ሰው መንዘሩ የሚሰማው ከ3,000 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ነው፤ በደረቅ ቀን 10,000 መድረስም ያለ ነው።

«10,000 ቮልት ነክቶኝ ነው የምኖረው?» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ቮልቱ የግፊቱ ልክ ነው እንጂ የመጠኑ አይደለም። በ10,000 ቮልት ጊዜ ሰውነትሽ ላይ የተረፈው ወይም የጎደለው ኤሌክትሮን 6 ትሪሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን 2 ጽፈሽ 28 ዜሮ ብትደረድሪ የሚመጣው ቁጥር ነው። ስለዚህ የተዛባው ከ3,000 ትሪሊዮን አንዱ ብቻ ነው፤ ጎረቤትሽ «በዝቷል» ያለችው ይህቺን ነው። ጉልበቱም 5 ሚሊጁል አካባቢ ነው፦ አንድ ግራም የምትመዝን ባቄላ ግማሽ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚፈጀው ያህል። እሱም ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የግድግዳው 220 ቮልት በቁጥር ትንሽ ሆኖ ሰው የሚገድለው ከኋላው የማያልቅ ምንጭ ስላለው፣ አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ ነው።

እዚህ ላይ ጥብቅ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የሱቅ በር ጉዳይ ሲነሳ ከአንድም ሁለት ጊዜ በዓይኔ ያየሁት አደጋ ነው። የቆርቆሮና የላሜራ ሱቅ ላይ የመብራት ገመድ በበሩ ጠርዝ ተገትቶ ሽፋኑ ሲላጥ በሩ ራሱ መብራት ይይዛል። የአንቺ ከበጋ ጋር መጥቶ፣ ከወንበር ስትነሺ አንዴ ጠሽ ብሎ የሚያበቃ ከሆነ የጃኬትና የወንበር ጉዳይ ነው። የሚንዘፈዘፍ፣ ሲነኩት የሚቀጥል፣ ዝናብ ሲዘንብ ወይም ወለሉ ሲረጥብ የሚብስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ «እስቲ ልሞክረው» ብለሽ እንዳትነኪው፤ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊና ኤሌክትሪሻን ጥሪ። ኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ገመድ፣ መኖሩንም በዚያው ያይልሽ።

ድሬ ሳለሽ ለምን አልነዘረሽም? ጥያቄሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፣ መልሱ እንደሚመስለው ስላልሆነ። በጋ ላይ የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም ሲጨመርበት ከሐረር ይልቅ ድሬ ሊነዝር ይገባው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አንቺ ነሽ። ድሬ ላይ ስስ ጥጥ ለብሰሽ በላብ ስትውዪ ነበር። ላብ ጨው ያለበት ውሃ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ቆዳሽና ልብስሽ ሲለያዩ የተሻገረው ኤሌክትሮን በእርጥበቱ ላይ ወዲያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ስትገቢ ላቡ ቀረ፣ ቆዳሽ ደረቀ፣ በላዩ ሱፍና ፖሊስተር ደረብሽበት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያው ጃኬት ዝም ይላል። ብዙ ሰው እርጥብ አየር ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ይመስለዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጨርቁም ሆነ ወንበሩ ገጽ ላይ የሚያርፈው በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ የክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ስሠራ፣ አንድ ጥር ላይ አዳራሹን የሚያረጥበው መሣሪያ ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ ክሩ መበጠስ ጀመረ። ገና ያልተፈተለው ጥጥና ፖሊስተር ድብልቅ በሚጠራቀምበት የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ተኝቶ መውረዱ ቀርቶ እንደተቆጣች ድመት ጸጉሩ ቆመ፤ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀበቶው አጠገብ ያለፈ ሰው የክንዱ ጸጉር ይነሳል። እኔ ሞተሩን ፈትቼ ብልሽት እፈልጋለሁ። አንድ አዛውንት ፎርማን መጥተው አዩኝና «ሞተሩን ተወው፣ ክሩ ጠምቶት ነው» አሉ። ወለሉን በባልዲ ውሃ አስረጩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ እንደ ወትሮው ሄደ።

ስለዚህ ጎረቤትሽ እጅሽን ታጠቢ ማለቷ በምክንያቱ ብትስትም በመድኃኒቱ አልሳተችም። እርጥብ እጅ ቻርጁን ቀስ አድርጎ ያወርዳል። የሱቅሽን ደጅ ለአቧራው ብለሽ ውሃ ስትረጪ ለዚህም ይጠቅምሻል። እጅሽን ሎሽን ተቀቢ፣ ከጃኬቱ ሥር የጥጥ ልብስ አድርጊ። ከወንበር ስትነሺ አንድ እጅሽን የሲሚንቶው ግድግዳ ላይ አሳርፊ፤ ሲሚንቶ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ ሳይነዝርሽ ያወርድልሻል። ካልሆነም ቁልፍሽን ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽ በጫፉ በሩን ንኪ። ብልጭታው ከቁልፉ ጫፍ ይነሳል፤ ጣትሽ ላይ ያ በአንዲት ነጥብ የሚወጋው ነገር ስለማይኖር ምንም አይሰማሽም።

አሁን እንቅልፍ ስለነሳሽ ቤንዚን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍርሃትሽ ቦታው ነው። ከአየር ጋር በልኩ የተደባለቀ የቤንዚን ተን ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው ከአንድ ሚሊጁል ሩብ ገደማ ነው። ከጣትሽ የሚዘለው ብልጭታ 5 ነው አልን፤ 20 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቤንዚን ራሱ በቱቦ ውስጥ ሲፈስ ከቱቦው ጋር ኤሌክትሮን ይለዋወጣል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ቻርጁን ይዞ ይቀመጣል፣ መውረጃ የለውማ። በፍጥነት በተቀዳ ቁጥር ይብሳል።

ለባለቤትሽ የምለው ይህ ነው። በውሃ ፕላስቲክ፣ በሃይላንድ፣ አይግዛ። ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ይያዝ፤ ማደያ ላይ ሲያስቀዳ ጀሪካኑን ባጃጁ ላይ እንደተጫነ ወይም በእጁ አንጠልጥሎ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የማደያው አፍ የጀሪካኑን አፍ ሳይለቅ፣ በዝግታ ይሁን። ባጃጁ ላይ ሲሞላ ሞተሩን ያጥፋ፣ ከመቀመጫው ከተነሳ በኋላ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ከክዳኑ ራቅ ያለ ያልተቀባ የብረት አካል በባዶ እጁ ይንካ። መቅዳት ከጀመረ በኋላ ወደ መቀመጫው ተመልሶ አይቀመጥ፤ እንደገና ሲነሳ እንደገና ቻርጅ ይዞ ነው የሚመጣው። ሞቀኝ ብሎ ጃኬቱን እዚያው ማውለቅማ አይታሰብም። የተረፈውን ቤንዚን ደግሞ ቤት ውስጥ አታሳድሩ፣ ከሱቁ ልብስ ጋርም አታስጠጉ፤ ነፋስ በሚያገኘው፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ጥላ ባለው ቦታ ክዳኑ ጠብቆ ውጭ ይደር።